መጀመሪያ አንቺ ቅመሺው

ሀብተ ማርያም እናቱን «መጀመሪያ አንቺ ቅመሺው» ያላቸው በዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ የአጃ አጥሚት በጣሳ ይዘው አልጋው አጠገብ እንደቆሙ ነው። ነገሩን የሰማችው ሚስቱ አባይነሽ ነበረች፤ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና የሱቁን ቁልፍ ትፈልግ ነበር። እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። መጠጥ ሲቀርብ አቅራቢው በመዳፉ ጠብ አድርጎ መቅመሱ ለእንግዳ፣ ለሹም፣ ለማያውቁት ሰው የሚደረግ ወግ ነው፤ መርዝ የለበትም ለማለት። ልጅ እናቱን ቅመሺ ሲል ግን ሌላ ነገር ይሆናል፤ ትመርዢኛለሽ ብሎ ፊት ለፊት እንደመናገር ነው። በዚያ ላይ ወይዘሮ ወለተ ማርያም ጾመኛ ናቸው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ ባፋቸው አይዞርም፤ ይህን ደግሞ ልጃቸው ከማንም በላይ ያውቃል። ቢቀምሱ ጾማቸውን ሊሽሩ፣ ባይቀምሱ ነገሩን እንዳመኑ ሊቆጠርባቸው፣ አሮጊቷ ጣሳውን እንደያዙ ጥቂት ቆሙ። ከዚያ በርጩማው ላይ አስቀመጡትና ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ሀብተ ማርያም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አጥሚቱም እዚያው በርጩማው ላይ በረደ።

ቤቱ ሦስት ክፍል ነው፤ የፊተኛው ሱቅ፣ መካከለኛው የባልና ሚስት መኝታ፣ የኋለኛው ደግሞ ግማሹ የእህል ማስቀመጫ፣ ግማሹ የወይዘሮ ወለተ ማርያም አልጋ። አባይነሽ ተከትላ ስትገባ አማቷ ከገብስ ጆንያዎቹ መካከል ቁጢጥ ብለው ጋቢያቸውን ያጥፉ ነበር። በጋቢው ላይ ሁለት ቀሚስ፣ በቀሚሶቹ ላይ የጸበል ጠርሙስ፣ በጠርሙሱ ላይ መቁጠሪያቸውን አኖሩና ሁሉንም በአሮጌ ነጠላ ጠቀለሉት። ወደ ጮሌ የሚሄደው ካሚዮን አሁንም የሚነሳው ከገበያው ጫፍ እንደሆነ ጠየቁ። ነው አለቻቸው። ማለዳ እንደሆነ ጠየቁ። ማለዳ ነው አለቻቸው። ጮሌ ሴት ልጃቸው አበራሽ ባል አግብታ ትኖራለች። አላለቀሱም፣ አልረገሙም፣ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም፤ አባይነሽን ያስፈራት ይኸው ነው። አሮጊት ሲያለቅስ ማባበል ይቻላል፤ ጋቢ ሲያጥፍ ግን ምን ይደረጋል?

«ታሞ እኮ ነው እማማ» አለች በመጨረሻ።

«ታሞ ቢሆንማ ምን ቸገረኝ?» አሉ ቋጠሮውን እያጠበቁ። «በሽተኛማ ልጄ ቀርቶ ጠላቴም ቢሰድበኝ እስቅ ነበር። ግን ድኗል አላላችሁም? ትኩሳቱ ከለቀቀው ከረመ። ዛሬ የተናገረኝ ደኅናው ሀብተ ማርያም ነው። ደኅናው ልጄ መርዘኛ ካለኝ እዚህ ቤት ምን እጠብቃለሁ?»

ይህ የአባይነሽም ጥያቄ ነበር። ሕመም ነው ወይስ ጠባይ? ሕመም ከሆነ አሮጊቷ ይቀመጣሉ፤ ጠባይ ከሆነ ነገ ማለዳ በጭነት ላይ ተጭነው ይሄዳሉ፤ በዚያ ዕድሜ ጮሌ የደረሰ ሰው ደግሞ ተመልሶ አሰላ አይመጣም። ሀብተ ማርያምም እናቱን ከቤቱ ያባረረ ሰው ተብሎ ይቀራል። ይህ ሁሉ የተንጠለጠለው እስከ ማምሻው ድረስ በምታገኘው መልስ ላይ ነው። የሱቁን መዝጊያ ከውጭ ቆለፈችና ነጠላዋን ተከናንባ ሽቅብ ወደ ክሊኒኩ ወጣች።

መንገዱ ቀጥ ያለ ዳገት ነው፤ ከጭላሎ የሚወርደው ብርድ በዚያ ወርም ቢሆን ፊት ይለበልባል። እየወጣች ስለ ባሏ አሰበች። የአሰላ ሰው ሀብተ ማርያምን «ሆደ ሰፊው» ነው የሚለው። በዚህ ስም የተጠራው በከንቱ አይደለም። አንድ ጊዜ የሰከረ ገበሬ ላምባ የያዘ ጣሳውን ሙሉ ጣቃ አቡጀዲ ላይ ደፋበት፤ ሀብተ ማርያም ስቆ «በል እንግዲህ ልብሱም ጠጣ» ብሎ ሰውየውን አስቀምጦ ውሃ አጠጣው። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማቾች በድንበር ሲካሰሱ፣ ሆድና ጀርባ የሆኑ ሰዎች ሁሉ ከዳኛ በፊት ወደሱ ይመጡ ነበር። ጨው እየመዘነ፣ ጨርቅ እየቆረጠ ያስታርቃቸዋል። ከጥምቀት በፊት እህል ሊያይ አቦምሳ ወርዶ ተስቦ ይዞት ተመለሰ። ሊሞት ነበር። ያዳነው ከክሊኒኩ የተሰጠው ባለ ሁለት ቀለም እንክብል ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። ትኩሳቱ ወረደ፣ ላቡ ደረቀ፣ ቀና ብሎ ተቀመጠ። ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን እግዜር ማረህ ብሎ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ግን ሌላ ሰው ሆነ። እህል የሚያወርድለትን ዲሪባን፣ አሥር ዓመት ያመነውን ሰው፣ የጨው ጆንያ ቀደሃል ብሎ አባረረው። ደንበኛ ዋጋ ሲከራከረው መዝጊያውን ዘጋበት። አባይነሽ ውሃ ስትሰጠው ቀና ብሎ ፊቷን ያጠና ጀመር፤ ቆይቶም ቅመሺ ማለት አመጣ። እሷ ቀመሰች፣ ለማንም አልተናገረችም፣ በሆዷ ያዘችው። ሌሊት አይተኛም፤ ሆዱ እየተነፋ ይጮኻል፣ ቀን ደግሞ ሦስት አራቴ ወደ ጓሮ ይሮጣል። አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ያስፈራት ነበር፣ እሱንም ለነፍስ አባቷ እንኳ አልተናገረችውም፦ እውነተኛው ባሌ ይህ ቢሆንስ? እስከ ዛሬ የኖርኩት ሆደ ሰፊ ሰው ላዩ ብቻ ቢሆንና በሽታው ልጦ ያወጣው የውስጡን ቢሆንስ?

ክሊኒኩ በር ላይ ያለው አግዳሚ ሞልቶ ነበር። የገብስ ዋጋ ዘንድሮ ወረደ ይላሉ፤ አይ ወጣ እንጂ ይላሉ፤ ከኦጎልቾ የመጣች አንዲት ሴት በቆላው በኩል ዝናብ እንዳልጣለ ትናገራለች። አባይነሽ ወረፋዋን ጠብቃ ገባች። ሐኪሙ ግዛቸው ይባላል፤ ጎንደር ተምሮ የመጣ፣ ጢሙ ገና በቅጡ ያልወጣ ልጅ ነው። ከተማው መጀመሪያ ናቀው፤ ተስቦ ሲያድን ጊዜ አከበረው። ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ የተከደነበት ነገር ነበር፤ ስትገባ ወደ መድኃኒት ቁም ሳጥኑ ጥግ ገፋ አደረገውና ምን ሆነሽ መጣሽ አላት።

«እኔስ ደኅና ነኝ። ባለቤቴ ነው እንጂ፤ ሆዱ ተለወጠብኝ» አለችው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተነሳ ወዲህ።»

«ቀጭን ነው? ደም አለው?»

አባይነሽ በመጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እሷ ሆዱ ተለወጠ ስትል ፍቅሩ፣ እምነቱ፣ ሰው መውደዱ ተለወጠ ማለቷ ነው፤ እንዲህ እያለ ሁሉም ሰው ይናገራል። ልጁ ግን ሐኪም ነው፤ ሆድ ሲባል ሆድ ነው የሚሰማው። ነጠላው ውስጥ ሆና ሳቀች፤ ከሳቁ በኋላ ዕንባ መጣ፣ ከጠዋት ጀምሮ የታገደው። ግዛቸው ግራ ገብቶት ወንበር አቀረበላት። ኋላ እሷው ራሷ የጠዋቱን ነገር አንድ በአንድ ነገረችው፦ ዲሪባን፣ ቅመሺውን፣ የአማቷን ጋቢ። ከተናገረች አይቀርም ብላ የጓሮውን ሩጫም ነገረችው፤ ቀጭን እንደሆነ፣ ደም እንደሌለው። ሁለቱን ሆድ ባንድ አፍ ስታወራ ለመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር፤ እንደዚያ አብረው ሲነገሩ ባንድ ቀን የጀመሩ መሆናቸውን ልብ አለች። ገርሟት መሃል ላይ አቋረጠች።

ግዛቸውም ይህንኑ ሳያስተውል አልቀረም። እንክብሉን ለስንት ጊዜ ዋጠ ብሎ ጠየቃት። አባይነሽ አንገቷን ደፋች። አንተ የሰጠኸውማ በሳምንቱ አለቀ አለችው፤ ግን ያዳነኝ እሱ ነው ብሎ ወደደው፣ ከናዝሬት ጨርቅ የሚያመጣ ነጋዴም እየገዛ አመጣለት፣ እስከ ዛሬም ጠዋትና ማታ ይውጣል፣ ሆዱ ሲነፋው ደግሞ አንድ ይጨምራል። ልጁ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። አልተቆጣም። ተነስቶ በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋውና ወደዚያ ጋዜጣ የተከደነበት ነገር ሄደ፤ ጥቂት አመነታ፤ ከዚያ ገለጠው። ግማሹ የተጠጣ እርጎ ነበር። በዐቢይ ጾም፣ ከቀኑ በአራት ሰዓት፣ የክርስቲያን ልጅ። አባይነሽ አየች። የሱም ጆሮ ቀላ።

ከእርጎው በስንጥር ጫፍ ወስዶ በስስ ብርጭቆ ላይ ቀባው፣ በእሳት አደረቀው፣ ሰማያዊ ቀለም ጠብ አደረገበት፣ አጠበው፤ ከዚያ መስኮቱ አጠገብ ካለው ማይክሮስኮፕ ስር አኖረና ባንድ ዓይንሽ እይ አላት። መጀመሪያ ያየችው የራሷን ሽፋሽፍት ነው። ቆይቶ ብርሃን መጣ፣ በብርሃኑ ውስጥም ሰማያዊ ጭረቶች፤ አጫጭር ቁርጥራጮች፣ ነጠብጣቦች፣ አንዳንዶቹም እንደ መቁጠሪያ ዛላ ተያይዘው የተዘረጉ። ብዛታቸው ለጉድ ነው። ምንድን ናቸው አለችው ዓይኗን ሳታነሳ። ነፍስ ያላቸው ነገሮች ናቸው አላት፤ እነዚህን ቀለሙና እሳቱ ገድሏቸዋል፣ በጣሳው ውስጥ ያሉት ግን ይኖራሉ፣ ወተቱን እርጎ የሚያደርጉትም እነሱ ናቸው። እንግዲያ እርጎ የጠጣሁ ጊዜ ሁሉ እነዚህን ነው የምጠጣው ብላ ቀና አለች። አዎን አላት፤ መጠጣት ብቻ አይደለም፣ የነሱ ዘመዶች በሰው ሆድ ውስጥ ይኖራሉ፣ በኔም፣ ባንቺም፣ ከሕዝብ ቆጠራ በላይ ሆነው። አባይነሽ ሳታስበው እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። እንደ መጸየፍም ቃጣት፤ ግን ከመጸየፉ ይልቅ ማወቅ ፈለገች፤ ተመልሳ ዓይኗን ማይክሮስኮፑ ላይ ደቀነች።

ልጁ ሲናገር ቀስ እያለ ነበር፤ የሚያውቀውንና የማያውቀውን እየለየ። እነዚህ ነዋሪዎች ጠላት አይደሉም አላት፤ ቦታውን ይዘው ክፉውን አያስገቡም። እንክብሉ ግን ዓይን የለውም። ተስቦውን ሲያቃጥል ነዋሪዎቹንም አብሮ ያቃጥላል፤ ሳምንት ከሆነ መልሰው ይበቅላሉ፣ ሳይቋረጥ ከተዋጠ ግን ሆድ ባዶ ሜዳ ሆኖ ያገኘው ሁሉ ይሰፍርበታል። መጀመሪያስ ከየት መጡ አለችው። ሰው ሲወለድ ሆዱ ባዶ ነው አላት፤ የመጀመሪያዎቹን የሚያገኘው ከእናቱ ነው፣ ሲወለድ ከገላዋ፣ ከዚያም ከጡቷና ከእጇ። ከዚያ የመጣችበትን ጥያቄ ጠየቀች።

«ቁጣውስ? ሰው አለማመኑስ? እሱም ከዚያው ነው?»

ግዛቸው መልስ ከመስጠቱ በፊት በመስኮቱ ውጭ ውጭውን አየ። «እሱን አላውቅም እትዬ። የተማርኩበት መጽሐፍ እንዲህ አይልም። አስተማሪያችን ግን ሆድና ጭንቅላት የሚላላኩበት መንገድ ሳይኖር አይቀርም፣ ማንም ገና አላገኘውም ይል ነበር። እኔም ሆዴ የታወከ ቀን ሰው አላስጠጋም። በሽታ ነው ወይ ካልሽኝ ግን፣ አዎ፣ ሆዱ ታሟል። አልዳነም። ይህን በአፍሽ ሙሉ ለእናቱ ንገሪ።»

እንክብሉን ከእጁ ንጠቂውና እርጎ ይጠጣ አላት፤ በየቀኑ፣ ሆዱ እስኪረጋ ድረስ፤ ያድነዋል ብዬ አልምልም፣ ያለኝ ይኸው ነው። ጾም እኮ ነው ስትል ሁለቱም እኩል ወደ ጋዜጣው ተመለከቱ።

ነፍስ አባታቸው መምሬ ገብረ መድህን ቅዳሴ እስኪገባ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ለበሽተኛው ሰዓቱን ቀድሞ እንዲቀምስ ከዚህ በፊት ፈቅደዋል፤ የፍስክ ነገር ግን ሌላ ነው። አባይነሽ ያየችውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ መቁጠሪያ የመሰሉትን ሰማያዊ ነጠብጣቦች እንኳ አላስቀረችም። መምሬ በጥሞና ሰሟት፤ እንዲያውም እንደ መቁጠሪያ ናቸው ስትል ምን ያህል ይሆናሉ ብለው ጠየቋት። ከዚያ ጥያቄው መጣ፤ ቁጣ ከሆድ ይመጣል ማለቷ እንደሆነ። ሐኪሙ አላውቅም ብሏል አለች። እንግዲያ እኔም አላውቅም አሉ መምሬ፤ ቁጣ ኃጢአት ነው፣ ኃጢአት በወተት አይታጠብም፤ ነገር ግን ሰው ሲራብ እንደሚቆጣ ገዳም ውስጥ አይቻለሁ፣ ያውም ከመነኩሴ። ጥቂት ሲያስቡ ቆዩና መስቀላቸውን አወጡ።

«ለሆዱ ፈቅጃለሁ» አሉ። «ለቁጣው ግን ሲበረታ ይስገድ። የፈቀድኩት ለሱ ነው፤ ለሱ ብቻ። አንቺ ጣትሽን እንኳ እንዳትልሺ።»

መስቀሉን ተሳልማ ስትወጣ የቀራት አንድ ነገር ነበር፣ እሱም እርጎው። በዐቢይ ጾም ከክርስቲያን ቤት እርጎ መፈለግ ዘበት ነው፤ ስለዚህ በመስጊዱ ሰፈር በኩል ወደ ሀሊሜ ሄደች። ሀሊሜ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው መንደር ወተት የምታመጣ የአርሲ ሴት ናት፤ ከጾም ውጭ በየሁለት ቀኑ አባይነሽ በር ላይ ትመጣለች፣ ጾም ሲገባ ደግሞ እስከ ፋሲካ ይለያያሉ። ዛሬ ከሻይ ቤቱ አጠገብ ቅሎቿን ደርድራ ተቀምጣለች። አባይነሽ ስትቆምባት ዓይኗን አላመነችም። «ማል ታቴ? ምን ሆንሽ አባይነሽ? ፋሲካችሁ ደረሰ እንዴ?» አለቻት። አልደረሰም አለች፤ ለመድኃኒት ነው። ሀሊሜ የሀብተ ማርያምን መታመም ሰምታ ነበር፤ መቆጣቱንም ሰምታ ነበር፤ ዲሪባ የመንደሯ ልጅ ነውና። ስለ ዲሪባ ምንም አላነሳችም። ከቅሎቹ ሁሉ ትንሿንና ጠቆር ያለችውን፣ በወይራ የታጠነችውን አነሳች።

ይህ ኢቲቱ ነው አለቻት፣ ለገበያ አላወጣውም፣ የቤት ነው፤ የረጋው እርጎ ጥቅጥቅ ብሎ አይፈስም፣ ይንሸራተታል እንጂ። ቅሏን ጨርሳ አታጥባትም፤ ሁልጊዜ ከስር ጥቂት ትተውና አዲስ ወተት ትጨምርበታለች፣ ያም የስሩ እርሾ ይሆናል። እርሾውን ከየት አገኘሽው አለቻት አባይነሽ፤ ዛሬ ሁሉንም ነገር ከየት ማለት ለምዶባታል። ሀሊሜ ሳቀች። ያገባሁ ቀን ከእናቴ ቅል ቀድቼ ነው ያመጣሁት አለች፤ እሷም ከእናቷ። የመጀመሪያዋን ማን እንዳመጣት እንግዲህ አላህ ያውቃል። አባይነሽ ሒሳቡን ልትሰጣት ብትል ሀሊሜ ቅሏን መልሺልኝ እንጂ ለመድኃኒት አልቀበልም ብላ እጇን መለሰችው። ለበሽተኛ እንዲህ ይባላል አለችና ጥቂት ቃል በኦሮምኛ በቅሏ አፍ ላይ አንሾካሾከች፤ ቢስሚላሂ የሚለውን ብቻ አባይነሽ ለየችው። ቅሏን በነጠላዋ ሸፍና፣ ከጾመኛ ጎረቤት ዓይን እየሸሸች፣ የተሰረቀ ዕቃ የያዘች ይመስል በጓሮ በኩል ወደ ቤቷ ገባች።

የወይዘሮ ወለተ ማርያም ጥቅል በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፤ አሮጊቷ ሽምብራቸውን ቆርጥመው፣ ውሃቸውን ጠጥተው፣ ከጆንያዎቹ መሃል ዳዊታቸውን ይዘው ነበር። አባይነሽ ፊት ለፊታቸው መሬት ተቀመጠችና የቀኑን ነገር ሁሉ ነገረቻቸው። አልዳነም፣ ሆዱ ታሟል፣ ሐኪሙ በአፍሽ ሙሉ ንገሪ ብሏል አለች። በሆድ ውስጥ ስለሚኖሩት ነገረቻቸው፤ ሰው ሲወለድ ባዶ እንደሆነ፣ የመጀመሪያዎቹን ከእናቱ እንደሚያገኝ፣ ሀብተ ማርያም ግን ያን ሁሉ በእንክብል እንዳቃጠለው። አሮጊቷ ዓይናቸውን ከዳዊቱ አላነሱም። ሲያነቡ ግን አልነበረም፤ ገጹ አልተገለጠም። ስትጨርስ ቁጣውም ከዚያ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። አይታወቅም አለቻቸው፤ ልትዋሽ አስባ ነበር፣ አልሆነላትም። እሳቸውም አይታወቅም የሚለውን ቃል ለራሳቸው ደግመው አሉት። አባይነሽ ቅሏን ይዛ ተነሳች።

ሀብተ ማርያም ተጋድሞ ጣሪያውን ያያል። የጠዋቱ አጥሚት ቆዳ አውጥቶ በርጩማው ላይ አለ፤ ቀኑን ሙሉ ምንም አልቀመሰም። ባሏ ከስቶ፣ ጉንጩ ገብቶ ስታየው ሆዷ ባባ። ከቅሏ በኩባያ ቀዳችና አጠገቡ ተቀመጠች። ምንድን ነው አላት። እርጎ አለችው። በጾም አለ። መምሬ ፈቅደዋል አለችና ሐኪሙ ያለውን ባጭሩ ነገረችው፤ እንክብሎቹንም ከትራሱ ስር አውጥታ ወሰደች፤ አልከለከላትም። ኩባያውን ተቀበላት፣ ወደ አፉ አስጠጋ፣ አሸተተው። ከዚያ እጁ ቆመ። ፊቱ ላይ ያ ዓይነት መልክ ሲመጣ አየችው፤ ዓይኑ ጠበበ፣ ከንፈሩ ተጨመደደ።

«ቅመሺው» አላት።

ወዲያው ግን ኩባያውን በሁለት እጁ እንደያዘ አንገቱን ደፋ። «አባይነሽ፣ እኔ እኮ ልለው ፈልጌ አይደለም» አለ፤ ድምፁ የቀድሞው የሀብተ ማርያም ነበር። «እማዬ እንደማትመርዘኝ አላውቅም? አውቃለሁ። ግን ከዚህ ከሆዴ የሆነ ነገር ይነሳል፤ ይገላበጣል፣ ይጮኻል፣ ከዚያ ሰው ሁሉ ጠላቴ ይመስለኛል። ዲሪባን እንኳ እየወደድኩት ነው ያባረርኩት። ጠዋት እማዬ ጣሳውን አስቀምጣ ስትወጣ ምላሴን ልቆርጠው ነበር። አሁንም ይኸው፣ ካልቀመሽው አልጠጣም። ምን እንደሆንኩ አላውቅም።»

እንግዲህ ከጠዋት ጀምሮ ሲፈለግ የዋለው መልስ ይኸው ነበር፣ ከሱ ከራሱ አፍ። አባይነሽ ኩባያውን ተቀበለችው። ጣትሽን እንኳ እንዳትልሺ ያሉት መምሬ ትዝ አሏት፤ ንስሐዬን እገባለሁ አለች በሆዷ። መዳፏን ዘርግታ ልትቀዳ ስትል መጋረጃው ተገለጠ። ወይዘሮ ወለተ ማርያም ከኋላው ቆመው ኖሯል፤ መቼ እንደመጡ ማንም አላወቀም።

«አምጪው» አሉ።

«ጾም ነው እማማ። ለርስዎ አልተፈቀደም።»

«ማን እንደፈቀደልሽና ማን እንደከለከለሽ ሰምቻለሁ። መጀመሪያ ከእናቱ ነው የሚያገኘው ብሏል አላልሽም? አምጪው።»

ነፍስ ካወቁ ጀምሮ በዐቢይ ጾም ወተት ባፋቸው ዞሮ የማያውቅ ሴት ናቸው፤ አራስ ሆነው እንኳ እንቢ ብለው ነበር ይባላል። አማተቡ። ኩባያውን በግራ እጃቸው ይዘው በቀኝ መዳፋቸው ላይ ዘነበል አደረጉት፤ እርጎው ቶሎ አልወረደም፣ ቆይቶ ተንሸራቶ ተቀመጠ። ልጃቸውን እያዩ ቀመሱት። ለይስሙላ አልነበረም፣ እንደ ወጉ ከንፈር ነክቶ መመለስም አልነበረም፤ መዳፋቸውን ሙሉ ላሱ። ኮምጣጣው ፊታቸውን አጨማደደው። ከዚያ ኩባያውን ወደ ልጃቸው አፍ አቀረቡ። ሀብተ ማርያም ዕንባው እየወረደ እስከ ስሩ ጠጣው፤ ሲጨርስ ሆዱ አንድ ጊዜ ጮኸ፣ ሦስቱም ሰሙት፣ ማንም ግን አልሳቀም።

አሮጊቷ ኩባያውን ለአባይነሽ መለሱላት። ሐኪሙ ለስንት ቀን ነው ያለው ብለው ጠየቁ። ቀን አልቆረጠም አለች፤ በየቀኑ ነው፣ እስኪረጋ ድረስ፤ ሊረጋም ላይረጋም ይችላል። ፋሲካ ድረስ ሊሆን ይችላል ማለት ነው አሉ። ሊሆን ይችላል አለች። ወይዘሮ ወለተ ማርያም ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ኋላው ክፍል አዘገሙ፤ አባይነሽ ኩባያውን እንደያዘች ተከተለቻቸው። በሩ አጠገብ ካለው ጥቅል ፊት ተቀመጡ።

«ነገማ አልሄድም» አሉ። «ማን ሊቀምስለት ነው?»

ጠዋት ያጠበቁት ቋጠሮ በእጅ እንቢ ስላላቸው አጎንብሰው በጥርሳቸው ይፈቱት ጀመር።